ከፈተናው በኋላ ይነገራት

የግሩፓችን የመጀመሪያ ሕግ «ሰላምታ አይጻፍ» ይላል። ይህን ሕግ ያወጣችው ሴት ጎጃም ተወልዳ ጎጃም ማደጓ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኛ አገር ሰው እሳት ሊጭር ጎረቤት ሲገባ እንኳ የልጁን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደህንነት ሳይጠይቅ የመጣበትን አይናገርም። ቴሌግራም ላይም እንደዚያው ነበርን። አንዱ ተማሪ «እንዴት አደራችሁ ቤተሰብ» ብሎ ሲጀምር ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ» ይለዋል፣ ሦስተኛው የጸሎት ሥዕል ይለጥፋል፣ ስለ ስኳር በሽተኛ ቁስል የተጠየቀው ጥያቄ ከነጠያቂው እላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ሲስተር ከለከለችው። ጥያቄህን ጻፍ፣ መልስህን ውሰድ፣ ዝም በል።

ሲስተር የምላት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ዋና ነርስ ናት። ግሩፑን የከፈተችው እሷ ናት፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የምንማር የነርስ ተማሪዎችን ሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ለማገናኘት ብላ። በአፌ እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነው የምላት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታዬን አልሰጣትም። ከፈለገች ትቀየመኝ።

ሌሎቹም ሕጎች ክፉ አይደሉም። የድምፅ መልእክት አይላክም። «ይህን ያላስተላለፈ ወዮለት» የሚል ነገር አይለጠፍም። የበሽተኛ ፊት በፎቶ አይላክም። እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ባለሙያ ጋ አይደወልም። ወንድ ባለሙያ ሴት ተማሪ ጋ በውስጥ መስመር ገብቶ «በላሽ? ተኛሽ?» አይልም። ይቺን ሁላችንም ወደናት ነበር፤ በተለይ የሚጽፍልን ሰውዬ ማን እንደሆነ የምናውቅ ሴቶች። ባለሙያ ከመለሰ በኋላ ደግሞ ተማሪ አይከራከርም፣ ያመሰግናል።

ከሁሉ በታች የሐዘን ሕግ አለ። የሞት ወሬ ግሩፕ ላይ አይጻፍም፣ ለአድሚን በውስጥ መስመር ይነገራል፣ መቼና እንዴት እንደሚነገር አድሚን ይወስናል። ይህ ሕግ የወጣው አንዲት ተማሪ የአክስቷን ሞት «ነፍስ ይማር» ከሚል ፎቶ ላይ አንብባ ሚኒባስ ውስጥ ስለወደቀች ነው። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጥል የሚይዙት ክንዶች ተዘጋጅተው ይገባሉ። ስልክ ላይ መርዶ የሚናገር አረመኔ ነው። ሕጉ የወጣ ዕለት ሁላችንም ልብ ለጠፍንበት፣ እኔም ጭምር።

አባቴ እግሩ ማበጥ የጀመረው እኔ የመጨረሻ ዓመት ስደርስ ነው። ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ተደግፎ እንጂ ጋለል ብሎ መተኛት አቃተው። ከደምበጫ ወጣ ካለው ገጠራችን አጎቴ አምጥቶ ፍኖተ ሰላም ሲስተር ክሊኒክ አስተኛው። እኔ ቡሬ ነበርኩ፣ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ ለመውጫ ፈተና እያጠናሁ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ማለት ሚኒባስ ውስጥ ገብተሽ እንቅልፍ ሳይወስድሽ የምትደርሽበት መንገድ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ክፍት ነበር። ይህን የምናገረው ሰው «ሩቅ ስለነበርሽ ነው» እንዳይለኝ ነው፤ የሚሉኝ አሉና።

እንደተኛ አንድ ጊዜ ሄጄ አየሁት። እናቴ እግሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ሲስተር መርፌ ልትወጋው መጣች። አባቴ ቀልደኛ ነበር፣ ሲታመም ባሰበት። «ልጄ፣ መውጋት ተምረሽ ከሆነ አንቺ ውጊኝ። የእኚህ ሴትዮ እጅ የወይፈን ርግጫ ነው» አለኝ። ሲስተር አልሳቀችም። እኔ ወጋሁት። «እሰይ፣ ይቺ የእኔ ናት» አለ። ያ ቀን ስለ አባቴ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሲስተርን በውስጥ መስመር እጠይቃታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አጭር ነው። «ደህና ናቸው። ሾርባ ጠጥተዋል። አንቺ አጥኚ።» ቅዳሜ ልምጣ ወይ ስላት «ብትመጪ ይረበሻሉ። ፈተናው ይለፍ። ይህ የባለሙያ ምክር ነው» አለችኝ። ባለሙያ ከመለሰ በኋላ ተማሪ አይከራከርም። አመሰገንኳት።

ፈተናው በቀረበበት ሳምንት ግሩፑ በድንገት ወደደኝ። ጥያቄ ሳቀርብ ቀድሞ ቀኑን ሙሉ የማይመልሱኝ ባለሙያዎች ተሽቀዳድመው ይመልሱልኝ ጀመር። አንድ ፂማም የላቦራቶሪ ሰው፣ ሰው የማይመስለው፣ የተጠቃለለ ማስታወሻ ላከልኝ። ተማሪዎቹ «በርቺ እህታችን» ይሉኛል። የቤት ጓደኛዬ ሽንኩርት አታስከትፈኝም፣ ውሃ አታስቀዳኝም፣ «አንቺ ብቻ አጥኚ» እያለች ስልኬን ወስዳ ታስቀምጥልኛለች። እኔ ሞኟ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ጎበዝ ስለሆንኩ አክብረውኝ ነው» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ቡሬ ገበያ መሃል ሄድኩ፣ እመኑኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት አከራያችን እትዬ ከበር ሲገቡ አየኋቸው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ሲያዩኝ ፈጠን ብለው ገለበጡት። «እትዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው። «የሩቅ ሰው ነው ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው» አሉና ሮጥ ብለው ገቡ። ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ ነበር፣ የእኛ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጭቃ። እኔ ግን ጭቃ ያየሁ እንጂ አባቴን ሲቀብሩ የዋሉ ሴት ያየሁ አልመሰለኝም።

ፈተናውን ጨረስን። ከአዳራሽ ስንወጣ ጮህን፣ ተቃቀፍን፣ ለስላሳ ጠጣን። የቤት ጓደኛዬ ፎቶ አነሳችኝ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። «ጨረስን!» ብዬ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ልብ ዘነበልኝ። ሲስተርም «እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ» ብላ ጻፈች። ያን ዕለት ጠዋት የአባቴ ሰልስት ወጥቶ ነበር። ልብ ከለጠፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ንፍሮውን በልተው የተመለሱ ናቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። አጎቴ ነበር ፊት ለፊት፣ ከኋላው ሲስተር፣ ከኋላዋ በፎቷቸው እንጂ በአካል አይቼ የማላውቃቸው የግሩፑ ባለሙያዎች። ፂማሙ የላቦራቶሪ ሰው ገና አጎቴ አፉን ሳይከፍት ክንዴን ያዘኝ። ያኔ ገባኝ። «መቼ?» አልኩ። «መቼ ነው የሞተው? ተቀበረ ወይ?» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ «ልጄ፣ ሥርዓት ነው፣ ለአንቺው ብለን ነው» አለኝ። ክንዴን አስለቅቄ በጥፊ ልመታው ነበር፤ የላቦራቶሪው ሰው አጥብቆ ያዘኝ። ለዚያ ነበር የመጣውም።

አገራችን ስንደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ሲስተር እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና ሐዘንተኛው ሁሉ እየሰማ ታወራ ጀመር። አባቴ እየደከመ ከሄደ በኋላ እኔን ልጁን ቀንም ሌሊትም ይጠራ ነበር አለች። እሷ ናት አጎቴን መክራ መርዶውን እስከ ፈተናው ያስከለከለችው። እሷ ናት ለግሩፑ ሰው ሁሉ በውስጥ መስመር ነግራ አፉን ያዘጋችው። እኔን ብቻ አስቀርታ ሌላ ግሩፕ ከፍታ፣ መኪና የሚያመጣውን፣ ንፍሮ የሚቀቅለውን፣ እኔን የሚይዘውን ሁሉ የመደበችው እሷ ናት። ግሩፑ ሲከፈት አባቴ በሕይወት ነበር። ይህን ስትናገር አንገቷን አልደፋችም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ «ተባረኪ፣ እናት ማለት አንቺ» አሏት። ልጅ ተፈትና እንድታልፍ ከዚህ በላይ ማን ይደክማል?

እኔ እናቴ ላይ ልወድቅ ስጠጋ ፊቷን አዞረች። ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ማታ ሰው ሲቀንስ ጠየቅኋት። «አባትሽ በር በሩን ሲያይ ሞተ» አለችኝ። «ጥሪልኝ ብዬ ሲስተርን ለመንኋት። እፊቴ ደወለች። ዝግ ነው አለችኝ። ደግማ ደወለች፣ ዝግ ነው አለችኝ። ሲነጋም ዝግ ነው። በመጨረሻ አባትሽ ‹ተውዋት፣ ፈተናው በልጦባት ነው› አለ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አልጠራም።»

ስልኬ አንድም ቀን ዝግ አልነበረም። ጓደኛዬ ስትወስድብኝም ድምፁን ብቻ ነበር የምታጠፋው። ያን ሰሞን በሙሉ የሲስተር «ደህና ናቸው» እየገባበት ነበር። ምዬ ተገዝቼ ነገርኳት። ስልኩን አውጥቼ መልእክቱን አሳየኋት። እናቴ ፊደል አታውቅም። «ለእኔ ይህ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ምን ታሳይኛለሽ?» አለችኝ። «ያቺ ሴት አባትሽን አጥባዋለች፣ አገላብጣዋለች። ሽንቱን ተቀብላለች። እሷ ለምን ትዋሻለች? ደግሞ ሞቱን ደብቀውሻል፣ እሱስ የሁሉም ነው፣ ሥርዓት ነው። እኔ የምለው በሕይወት ሳለ ነው። በሕይወት ሳለ ለምን ዘጋሽበት?»

አጎቴ ስለ ስልኩ ምንም አያውቅም ነበር፤ ለቀብር እህል ሊያዘጋጅ አገር ቤት ተመልሶ ነበርና። እናቴ የምታምነው አንድ አፍ ብቻ ነበር። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል፤ እኔ አልነበርኩም፣ አልቀበርኩም። የነበረችው ሲስተር ናት።

ዐርባው ሳይወጣ ክሊኒክ ሄድኩና «ሲስተር፣ ለእናቴ ይንገሩልኝ። ስልኬ ክፍት እንደነበር ብቻ ይንገሩልኝ» አልኳት። ጓንት እያወለቀች ነበር። «መርዶ ማቆየት ውሸት አይደለም» አለችኝ። «እሱን አልጠየቅሁም። ስልኳ ዝግ ነው ያሉትን ነው» አልኳት። «እናትሽ ስልክ ላይ እየጮኹብሽ ትፈተኝ ነበር?» «ሲስተር፣ አባቴ ረሳችኝ ብሎ ነው የሞተ!» አልኳት፣ ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «በሽተኛ አለ» አለችኝ። ከዚያ ለስለስ ብላ «አሁን መናገር የእናትሽን ቁስል መቀስቀስ ነው። ጊዜው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ። ለጤናቸው ነው» አለች። ይህቺን «ለጤናቸው» የምትል ቃሏን ስሰማ እስከ ዛሬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ፈተናውን አለፍኩ። ጥሩ ውጤት ነበር። ግሩፑ እንኳን ደስ አለሽና ነፍስ ይማርን ባንድ ላይ ላከልኝ። ሥራ ስፈልግ ከረምኩ፤ በመጨረሻ የቀጠረችኝ ሲስተር ናት፣ እዚያው አባቴ የተኛበት ክሊኒክ። «ላባትሽ ስል ነው» አለችኝ። እምቢ ብል ምን እበላ ነበር? እናቴን ማን ይጦራት ነበር? ገባሁ። አባቴ የሞተበትን አልጋ አንሶላ ሳነጥፍ ዓመታት አለፉ።

እናቴ አንድም ቀን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደመወዝ ስወስድላት ትመርቀኛለች፣ እህል ትሰፍርልኛለች፣ እግዜር ይስጥሽ ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። ለፋሲካ ስሄድ ለሲስተር ብላ ዶሮ ታሲዘኛለች። ያንን ዶሮ እግሩን አስሬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ለዚያች ሴት ወስጄ እሰጣለሁ። «እናትሽ እንዴት ደግ ናቸው» ትለኛለች ሲስተር። «ዘንድሮ ይነግሩልኛል ወይ?» እላታለሁ። «እስቲ እናያለን» ትለኛለች። ዶሮውን ግን ትቀበላለች።

ይባስ ብሎ ታሪኬን ማስተማሪያ አደረገችው። ፈተና በመጣ ቁጥር ግሩፑ ላይ ትጽፋለች፦ አንዲት እህታችን አባቷ አርፈው ሳይነገራት ተፈትና በከፍተኛ ውጤት አልፋለች፣ ዛሬ ከባለሙያዎቻችን አንዷ ናት፣ የግሩፓችን ሥነ ሥርዓት ፍሬው ይህ ነው። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። ከእኔም ምስጋና ይጠበቃል። አውራ ጣት እለጥፋለሁ። ምን ላድርግ? እኔም ባለሙያ ሆኛለሁ፤ ሰላምታ የሚጽፍ ተማሪ ላይ እኔም እጮኻለሁ፣ ጨዋ ሆኜ ለመልስ እሽቀዳደማለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሲስተር የረሳች ይመስለኛል፤ ወይ ከመጀመሪያውም የወጋች አልመሰላትም።

ከዚያ የሲስተር እናት ታመሙ። ከቡሬ ገጠር በሳንባ ምች አመጧቸውና እኔ እጅ ላይ ወደቁ። ሲስተር ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበረች፤ ሥልጠናውን ያጠናቀቀ የኃላፊነት ቦታ ያገኛል ተብሎ ነበርና ዓመቱን ሙሉ ስታወራው የከረመችው ነገር ነው። አሮጊቷ አልተሻላቸውም። አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር «መጣች?» ይላሉ።

የሲስተር ወንድም ሠራተኞቹን ሰበሰበና «ሥልጠናዋን ሳትጨርስ እንዳይነገራት። ከሆነም በሥርዓቱ እኛ እናረዳታለን» አለ። ወዲያው ሌላ ግሩፕ ተከፈተ፣ ሲስተር የሌለችበት። እኔንም አስገቡኝ። አንዷ ባልደረባዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አንቺማ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ማን መኪና ያመጣል፣ ማን ድንኳን ይከራያል፣ ማን ይይዛታል ተባለ። አሮጊቷ ከግድግዳው ወዲያ ይተነፍሳሉ፤ ሲያስሉ እየሰማን ነው የምንጻጻፈው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «እማዬን ጉንፋን ይዟታል አሉኝ። እንዴት አደረች?»

ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ጣቴ ራሱ ያውቀው ነበር የሚጽፈውን። «ደህና ናቸው። ሾርባ ጠጥተዋል። እርስዎ ሥልጠናዎን ይከታተሉ።» ጽፌ ጨረስኩ። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ። ማንም አይወቅሰኝም፤ ወንድሟ ራሱ ያመሰግነኛል፣ ሥርዓት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ ቀሳውስቱ፤ እኔ ያን ጊዜ ጸሎት አላማረኝም። አሮጊቷ በሩ ሲንቀሳቀስ ሰምተው «መጣች?» አሉ። «አልመጡም እናቴ» አልኳቸው። «ነግራችኋታል? ለምን ትቀራለች? ተቀይማኝ ይሆን?» አሉኝና ዓይናቸው ሞላ።

ያን ጊዜ አጠፋሁት። በውስጥ መስመር እውነቱን ልጽፍላት ነበር፤ ግን አውቃታለሁ፣ ወንድሟ ጋ ትደውላለች፣ ወንድሟ «ያቺ ቀባጣሪ ናት፣ ደህና ናት» ብሎ ያስቀራታል። አደባባይ የተጻፈ ግን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ አይቶ መቅረት ነውር ነው። ደግሞም፣ ምን ልደብቅ፣ ሰው ፊት እንድትደነግጥ ፈልጌ ነበር። የትኛው እንደበለጠብኝ እንጃ። ዋናው ግሩፕ ላይ፣ ተማሪው ባለሙያው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጻፍኩ፦ «ሲስተር፣ እናትዎ እየጠሩዎት ነው። አይተርፉም። በሕይወት እንዲያገኟቸው ዛሬውኑ ይምጡ።» ሰላምታ አልጨመርኩም።

ግሩፑ ሁሉ አነበበው። ከዚያ ወረደብኝ። «ምን ነካሽ?» «ኧረ አጥፊው!» «በሕይወት ያለን ሰው ይሟረታል?» «ይህ ነው ሙያ?» ፂማሙ የላቦራቶሪ ሰው «ከአንቺ አይጠበቅም፣ የደረሰብሽን ታውቂያለሽ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው አድሚን ከግሩፑ አስወጣኝ። ወንድሟ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ በሽተኛ ፊት «አረመኔ፣ የሰው ደም የሌለሽ!» አለኝ። ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ሲስተር ጮሃ ወለል ላይ እንደወደቀች ያዩ ሰዎች በኋላ ነገሩኝ። ሥልጠናው ቀረ፤ ቦታውም ለሌላ ሰው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ የሥልጠናው ባጅ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። እኔን ሳታይ አልፋ ገባች። አሮጊቷ «መጣሽ?» አሉ። «መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ» አለች። አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈቻቸው። በሩን ከውጭ ዘጋሁላቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምፃቸውን ስሰማ ቅናት አቃጠለኝ፤ ደግ ሥራ የሠራ ሰው ይሰማዋል የሚሉት ነገር አልተሰማኝም። አሮጊቷ በማግስቱ ልጃቸው እጅ ላይ አረፉ። ሲስተር እናቷን ገንዛ፣ ተሸክማ፣ አፈር አልብሳ ቀበረች።

ከተማው እኔን ነው ያወራ። መርዶ በቴሌግራም የተናገረች፣ በቁም ያለች ሴት የቀበረች አሉኝ። ለቅሶ መሄድ ፈርቼ ነበር። እናቴ ግን ከደምበጫ ተነስታ መጣች፤ «ያቺ ሴት ባሌን ያጠበች ናት፣ እንዴት እቀራለሁ?» ብላ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እጄን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ አስገባችኝ። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየኝ። እናቴ ሲስተር አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ።

አለቀሱ፣ ተላቀሱ። ከዚያ ሲስተር እንባዋን ጠርጋ የእናቴን እጅ ያዘች። ስለ እኔ ምን ልትል ነው ብሎ ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ። «እናቴ» አለቻት፣ «ሰው የሚለውን አይስሙ። ልጅዎ ባትጽፍልኝ ኖሮ እማዬን በሕይወት አላገኛትም ነበር። ትጠራኝ ነበርና ደረስኩላት። ልጅዎ ናት ያደረሰችኝ።»

አሁን ትናገራለች አልኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራታል? ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። አውቃዋለች፣ ምን እንደምጠብቅ አውቃዋለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

እናቴ የሲስተርን ትከሻ ዳበስ ዳበስ አደረገች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቴን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ለሰው እናትማ ስልክሽ ይሠራል።»